በአሮጌ ላፕቶፕና በደካማ ኔትወርክ ጊልድ ዋርስ 2ን ለመጀመር የትኛው ሙያ ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ የጠባሴው

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አብረን ያደግን ሦስት ጓደኛሞች ሥራ በየፊናው ስለበታተነን፣ ማታ ማታ የምንገናኝበትን ነገር ስንፈልግ ቆይተን በመጨረሻ ጊልድ ዋርስ 2 በተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ተስማምተናል። ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ የመነሻው ክፍልም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ ከዚህ ሆኖ ወደ ውጭ አገር በካርድ መክፈል ምን ያህል እንደሚያስቸግር ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም። መሐል ሜዳ ያለው ጓደኛዬ ዋሪየር (በሰይፍ የሚዋጋ ጦረኛ)፣ ሸዋ ሮቢት ያለው ደግሞ ኤለመንታሊስት (በእሳትና በውኃ የሚዋጋ አስማተኛ) መርጠው ከእኔ ሁለት ሳምንት ቀድመው ጀምረዋል። እኔ ግን ገጸ ባሕርይ ከሚፈጠርበት ገጽ እስካሁን አላለፍኩም።

ያስፈራኝ ነገር ሙያው (ብዙዎቻችን ክላስ የምንለው) አንዴ ከተመረጠ በኋላ የማይለወጥ መሆኑና በነጻ መለያ (አካውንት) ሁለት ገጸ ባሕርያት ብቻ የሚፈቀዱ መሆናቸው ነው። ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ ግን የለውም። ኢንተርኔት የማገኘው ከስልኬ ሆትስፖት ሲሆን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ለሦስታችንም በሚመቸን ሰዓት፣ ክፉኛ ይዘገያል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከኔክሮማንሰር (አገልጋዮችን ከሞት እያስነሣ የሚያዋጋ አስማተኛ)፣ ከሬንጀር (እንስሳ አስከትሎ የሚዋጋ ቀስተኛ) እና ከኤለመንታሊስት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚሻለው የትኛው ነው? ሁለቱ ጓደኞቼ የሚያጠቁ ሙያዎችን ስለያዙ ፈዋሹ እኔ መሆን ይኖርብኛል ወይ? ዘግይቼ በመጀመሬስ ከእነርሱ ጋር መጫወት አልችልም ማለት ነው?

መልስ፦ ጣርማ በር

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፤ እርሱ ከተፈታ የመጀመሪያው ይቀልልሃልና። እኔም ወደዚህ የመጣሁት ከወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ስለነበር ያንኑ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። በዚያኛው ጨዋታ አምስት ሰዎች ወደ ዋሻ ሲገቡ አንዱ ዱላ ተቀባይ፣ አንዱ ፈዋሽ፣ ሦስቱ አጥቂ እንዲሆኑ ስለሚጠበቅ ሙያ መምረጥ ማለት በቡድኑ ውስጥ ቦታ መምረጥ ማለት ነበር። በጊልድ ዋርስ 2 ግን በማያ ገጹ ግርጌ ከሚደረደሩት አሥር ክህሎቶች 6ኛው ለማንኛውም ሙያ ራስን ማከሚያ ነው፤ የወደቀ ጓደኛንም ማንም ሰው ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው ይችላል። ፈዋሽነት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ የሚፈለገው ከፍ ባሉት የቡድን ውጊያዎች ነው፤ እዚያ እስክትደርስ ብዙ ጊዜ አለህ። ስለዚህ ለሁለቱ ብለህ የማትወደውን አትያዝ።

ሦስተኛውም አያስጨንቅህ። ጓደኞችህ ደረጃ 40 ቢደርሱ እንኳ አንተ ወዳለህበት የጀማሪ ምድር ሲመጡ ጨዋታው ራሱ አቅማቸውን ወደ ቦታው ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል። የሚገኘው ምርኮም ለእያንዳንዱ ለየብቻው ስለሚወጣ አንዱ ቀድሞ ወሰደብኝ ተብሎ የሚኮረፍበት ነገር የለም።

ወደ ዋናው ስመለስ፣ በአንተ ኔትወርክ ኔክሮማንሰርን እመክርሃለሁ፤ ምክንያቱን በደንብ ላስረዳህ። በዚህ ጨዋታ ሕይወት የሚተርፈው ከከባድ ምት በመንከባለል ነው። መንከባለያው ሁለት ጊዜ የሚበቃ ጉልበት አለው፤ አንዱን ከተጠቀምክ በኋላ ለመሙላት 10 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ከጉዳት የሚያስጥለው ደግሞ ለሦስት ሩብ ሰከንድ ብቻ ነው። እንግዲህ አስበው፤ ጠላት መዶሻውን ሲያነሣ አንተ የምታየው ዘግይቶ ነው፣ ቁልፉን ስትጫን ትእዛዝህ ሰርቨሩ ዘንድ የሚደርሰውም ዘግይቶ ነው። በእኔ ቤት ምሽት ላይ ይህ ደርሶ መልስ ከ200 ሚሊሰከንድ በታች ሲሆን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ በእኛ አገር ሆኖ የሚጫወት ሰው አንዳንድ ምቶችን መቅመሱ አይቀርም፤ ጥያቄው ስንት ምት ይችላል የሚለው ነው።

ቁጥሩን ልንገርህ። በመጨረሻው ደረጃ፣ በ80፣ ምንም ተጨማሪ ትጥቅ ሳይቆጠር የዋሪየርና የኔክሮማንሰር የሕይወት መጠን 19,212 ነው። የሬንጀር፣ የኢንጂነር፣ የመዝመርና የሬቨናንት 15,922 ሲሆን፣ የጋርዲያን፣ የቲፍና የኤለመንታሊስት 11,645 ብቻ ነው። ኔክሮማንሰር ከዚህም በላይ ኤፍ1ን ሲጫን በሁለተኛ ሕይወት ይሸፈናል፤ በዚያ ጥላ ውስጥ እስካለ ድረስ ምቱ የሚያርፈው ከጠላት ሞት ባከማቸው ኃይል ላይ እንጂ በራሱ ሕይወት ላይ አይደለም። ኔትወርኩ ሊቆም ሲያንገራግር ካየህ መጀመሪያ የምትጫነው ይህን ነው።

በነገራችን ላይ ሬቨናንትን በዝርዝሩ ውስጥ አይተህ እንዳትመኘው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ተጨማሪ ክፍል ጋር የመጣ ስለሆነ በነጻ መለያ አይከፈትም።

መልስ፦ የጓሳ ቀበሮ

ጣርማ በር ያለው ሁሉ እውነት ቢሆንም በመደምደሚያው አልስማማም። የሬንጀር ቀስት ከሩቅ ይወረውራል፤ ከሩቅ የቆመ ሰው ደግሞ መዶሻው መጀመሪያውኑ አይደርሰውም። 1ኛው ክህሎት አንዴ ከተጀመረ ራሱን እየደጋገመ ይቀጥላል፤ ከጎኑ የሚሰለፈው እንስሳም ጠላትን ይይዝለታል። እኔ የምኖረው ኔትወርክ በጉም በሚጋረድበት በመንዝ ደጋ ላይ ነው፤ ምስሉ ለጥቂት ሰከንድ ደርቆ ሲመለስ የማሰልፈው ድብ ከጠላት ጋር እንደተያያዘ፣ እኔም እንደቆምኩ አገኘዋለሁ። (ጭላዳን ማልመድ ቢቻል ኖሮ ከዚህ የበለጠ እከራከርለት ነበር።)

ሆኖም ሁለት ነገሮችን ሳልነግርህ ባልፍ ወዳጅነት አይሆንም። አንደኛ፣ የረዥሙ ቀስት 4ኛ ክህሎት ጠላትን ገፍቶ ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ብቻህን ስትሆን ነፍስህን ያድናል፤ ከጓደኞችህ ጋር ስትሆን ግን ዋሪየሩ ሰይፉን በሙሉ ኃይሉ ባነሣበት ቅጽበት ጠላቱን ከፊቱ ታስፈነጥርበታለህ፤ ኤለመንታሊስቱም እሳቱን የሚያወርደው ባዶ መሬት ላይ ይሆናል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ተጫውቼ፣ የአክስቴ ልጅ በስልክ ደውሎ «4ን የነካህ እንደሆነ ዝምድናችን ያበቃል» ብሎኛል። ሁለተኛ፣ ድብና ረዥም ቀስት ይዞ ከሩቅ ብቻ የሚቆም ሬንጀር በነባር ተጫዋቾች ዘንድ መሣቂያ ነው፤ ርቀቱ ስለሚያዘናጋ መንከባለልን ሳይማሩ ከፍተኛ ደረጃ ላይ መድረስ ይመጣልና።

መልስ፦ እሳትና ውኃ

ኤለመንታሊስትን ከዝርዝሩ ከማውጣትህ በፊት የምወደው ሙያ እንደሆነ ልናገር፤ ከማንም በላይ የሚያምረው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በአንተ ሁኔታ አልመክርህም። እሳትን፣ ውኃን፣ አየርንና ምድርን ከኤፍ1 እስከ ኤፍ4 ባሉት ቁልፎች ያፈራርቃል፤ በየፍርርቁም አምስቱ የመሣሪያ ክህሎቶች ስለሚለወጡ አንድ በትር ብቻ ይዞ ሃያ ክህሎት ማስተናገድ ግድ ነው። ሌሎች እንደሚያደርጉት በውጊያ መካከል መሣሪያ መለወጥም አይችልም።

ለሁሉም ሙያ የሚጠቅም አንድ ነገር ግን ልጨምር። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያሉት ቁልፎች የድምፅና የብርሃን መቆጣጠሪያ ሆነው ነው የሚመጡት። በመጀመሪያው ትልቅ ውጊያዬ ወደ ውኃ ተለውጬ ልታከም ኤፍ2ን ስጫን የማያ ገጹ ብርሃን ቀነሰ፤ ደንግጬ ስደጋግመው ጭራሽ ጨለመ፤ በዚያ መካከል ሞትኩ። መብራት የጠፋ መስሎኝ ተነሥቼ ቆጣሪውን ማየቴንም አልደብቅም። ኔክሮማንሰርም ብትሆን ጥላው ያለው ኤፍ1 ላይ ስለሆነ፣ ከመጀመርህ በፊት በጨዋታው የቁልፎች ማስተካከያ ገብተህ ወደ ግራ እጅህ ጣቶች ወደሚቀርብ ፊደል አዛውረው።

የጠያቂው ምላሽ፦ የጠባሴው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኤለመንታሊስትን ትቼዋለሁ። በኔክሮማንሰር በኩል ግን ሳልጽፈው የቀረሁት አንድ ችግር አለ። ላፕቶፑን የምከፍተው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ስልኬ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ መስኮት ሥር ብቻ ስለሆነ። ትናንት የሙያዎቹን ሥዕል ሳይ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ኖሮ «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ቃሉን በአማርኛ ስፈልግለት ከመጽሐፍ ቅዱስ «ሙታን ሳቢ» ከሚለው በቀር ሌላ አልመጣልኝም፤ ያንንም ጮክ ብዬ በመናገሬ አሁን ድረስ እየተቆጨሁ ነው። ሁለቱን አማራጮች ሳልጎዳ የምሞክርበት መንገድ አለ? ዘሩንስ የቱን ላድርግ? ጓደኞቼ ሁለቱም ሰው የሚባለውን መርጠዋል።

መልስ፦ እንዋሪ

ለእናትህ ሲባል ጋርዲያንንም ተመልከተው፤ ትርጉሙ ጠባቂ ስለሆነ ማንንም አያስቆጣም። የሕይወት መጠኑ ከዝቅተኞቹ መካከል ቢሆንም ከባድ ጥሩር ይለብሳል፤ በየ40 ሰከንዱም አንድ ምትን ምንም ቁልፍ ሳትነካ የሚመክት ጋሻ ይሰጠዋል። ያ ጋሻ ኔትወርክ ዘገየ ፈጠነ አይልም።

ስለ ሙከራው፣ ያሉህን ሁለት ቦታዎች በሁለት ሙያ ሙላቸውና እያንዳንዱን እስከ ደረጃ 15 ገደማ አድርስ። የማትፈልገውን መሰረዝ ትችላለህ፤ ነገር ግን በጀርባው የተሸከመው ዕቃ አብሮት ስለሚጠፋ አስቀድመህ ወደ ባንክ አስገባው፤ ባንኩ ለሁለቱም የጋራ ነው። ሙከራውን ደግሞ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነበት በማለዳ አታድርገው። ከጓደኞችህ ጋር በምትጫወትበት በዚያው በምሽት 2 ሰዓት አድርገው፤ ያለዚያ የምትመርጠው ለማትጫወትበት ሰዓት ይሆናል።

ዘር በኃይል ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሚወስነው መልክህን፣ የመነሻ ታሪክህንና የምትጀምርበትን ምድር ነው። ጓደኞችህ ሰው ከሆኑ አንተም ሰው ሁን፤ ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ቀዬ ትገናኛላችሁ።

መልስ፦ ጣርማ በር

አንድ የረሳሁት ነገር፦ መለያ ስትከፍት የምትመርጠው ክልል አውሮፓ ይሁን፤ ከእኛ ወደ አሜሪካ ያለው መንገድ በጣም ይረዝማል። ከሁሉ በፊት ግን ጓደኞችህ የቱን እንደመረጡ ጠይቃቸው፤ አንዱ አውሮፓ፣ ሌላው አሜሪካ ከሆነ በጨዋታው ውስጥ ፈጽሞ አትገናኙም። ጨዋታው ከ50 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተህ አውርደው። በምስል ማስተካከያው ውስጥ የሰውና የዛፍ ጥላን አጥፋ (የኔክሮማንሰሩን ጥላ ማለቴ አይደለም)፤ በአንድ ጊዜ የሚታዩ ሰዎችን ብዛት የሚወስነውንም ማስተካከያ ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ አውርደው፤ ሃምሳ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ላፕቶፕህን የሚያንቀው ከሁሉ በላይ እርሱ ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ የጠባሴው

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ሦስታችንም አውሮፓ መሆናችንን አረጋግጠን፣ ኔክሮማንሰርና ሬንጀር ፈጥሬ አምስት ምሽት እያፈራረቅሁ ሞከርኳቸው። በሬንጀር ብቻዬን ስሆን አንድም ቀን አልሞትኩም፤ ከጓደኞቼ ጋር ስሆን ግን እነርሱ መሬት ላይ ወድቀው እኔ ከሩቅ ስደርስ ጊዜው ያልፍ ነበር። በኔክሮማንሰር ከእነርሱ መካከል ስለምቆም፣ ኤለመንታሊስቱ ሲወድቅ (አብዝቶ ይወድቃል) ዱላውን እየተቀበልኩ ጎንበስ ብዬ አነሣዋለሁ። ትናንት ማታ ኔትወርኩ አራት ሰከንድ ያህል ቆሞ ሲመለስ፣ ያስነሣኋቸው አገልጋዮች አሁንም ከጠላት ጋር ተናንቀው፣ እኔም ከሕይወቴ ግማሹን ይዤ ቆሜ ነበር። ስለዚህ ኔክሮማንሰርን ይዣለሁ፤ ሬንጀሩንም ብቻዬን ለምሆንባቸው ቀናት አላጠፋሁትም። ጥላውን ከኤፍ1 አንሥቼ ፊደል አር ላይ አድርጌዋለሁ።

እናቴ አገልጋዮቹን አይታ ምን እንደሆኑ ስትጠይቀኝ «ከብቶቼ ናቸው» ብያታለሁ። ትንሽ ተመልክታ «ከስተዋል» አለችኝ።