ኦ-ዩ-ጂ-ኤች ያለባቸውን ቃላት እንዴት ላስተምር?

ደብረ ማርቆስ አካባቢ 7ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ተከታትለው የሚመጡባቸው ቃላት አስቸግረውናል። በፊደላቸው ሰብስቤ ስሰጥ ተማሪዎቹ «ተፍ»ን ይዘው ማረሻን «ፕላው» በማለት ፈንታ «ፕለፍ» ይላሉ። ስለዚህ በድምፅ ከፈልኳቸው። «ረፍ» ሻካራ፣ «ተፍ» ጠንካራ፣ «ኢነፍ» በቂ፤ እነዚህ ቶሎ ገቡ። መጨረሻቸው ቲ የሆነው «ቦት» ገዛ፣ «ብሮት» አመጣ፣ «ፎት» ተዋጋ፣ «ሶት» አሰበ ሁሉም ያለፈ ጊዜ ግሶች ስለሆኑ በአንድ ሠንጠረዥ ተያዙ። ድርቅ ማለት የሆነው «ድራውት» ግን ቲ እያለው ግስ አይደለም፤ ድምፁም ወደ ማረሻው ይሄዳል፣ ስለዚህ ለብቻው አስጠናሁት። ጂ-ኤች ድሮ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ እንደነበረ፣ በኋላ አንዳንዱ ላይ ጠፍቶ አንዳንዱ ላይ «ፍ» እንደሆነ ስነግራቸው በጣም ደስ ይላቸዋል፤ ዲክቴሽን ላይ ግን አልጠቀማቸውም።

የቀሩት ከባዶቹ ናቸው። «ዞው» ማለትም ምንም እንኳ፣ ከኤች ቀጥሎ አር ሲገባበት «ስሩ» ማለትም በውስጥ አልፎ ይሆናል፤ ከዚያ አር ፊት ኦ ሲጨመር ደግሞ «ሰራ» ማለትም ጥልቅና የተሟላ። በአንድ ፊደል ልዩነት ድምፁም ትርጉሙም ይገለበጣል፣ ልጆቹም አንዱን በሌላው ይጽፋሉ። ሦስቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጎን ለጎን ላስተምር ወይስ አንዱ በደንብ እስኪያዝ ሌሎቹን ላቆይ?