«ኬንትሮሷን ሳትለቅ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጠያቂው፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸክያለሁ። «መርከቢቱ ኬንትሮሷን ሳትለቅ ወደ ሰሜን ተጓዘች» ይላል። ኬንትሮስ የምሥራቅና የምዕራብ መለኪያ አይደል እንዴ? ነው ወይስ «ሳትለቅ» ሌላ ትርጉም አለው?

ሉል፦ መስመሩና ቁጥሩ ተምታተውብህ ነው። መስመሩ ከዋልታ ዋልታ ይዘረጋል። ቁጥሩ ግን ያ መስመር ዜሮው ከሚነሣበት ከለንደኑ ግሪንዊች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ስንት ዲግሪ እንደራቀ ይናገራል፤ እስከ 180። ኬክሮስ ደግሞ ምድርን እንደ መቀነት ይዞራታል፤ ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ 90 ይቆጠራል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ቆይ ቆይ። ኬክሮስ መቼ ነው መቀነት የሆነው? በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን አቆጣጠር፣ እኮ ጊዜ ነው። ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ መዓልቱ 30፣ ሌሊቱ 30።

ሉል፦ ቃል ይሰደዳል፣ መምህር።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ይሰደድ፤ ግን የሰው ቤት ገባ። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች። አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ስለዚህ 6 ዲግሪ መሆኑ ነው፤ ያውም የኬንትሮስ ዲግሪ! የጊዜን ስም ጊዜ ለማይቆጥረው ሰጡት።

ግርግር፦ መንትዮች ናቸዋ። ክርስትና ሲነሡ ስማቸው ተቀያየረ።

ባሕረኛ፦ መምህር እውነት አላቸው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ኬክሮስህን ለማወቅ የሰሜን ኮከብን ከፍታ መለካት ይበቃል። ለኬንትሮስ ግን ሰዓት የግድ ነው። ጆን ሃሪሰን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ሰዓት ሲሠራ የኖረው ለዚሁ ነው። አንተ ዘንድ እኩለ ቀን ሲሆን ግሪንዊች እኩለ ቀን ካለፈው 3 ሰዓት ከሆነ፣ 45 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ነህ።

ሉል፦ ርቀቱም ያንኑ ይመሰክራል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ የትም ሂድ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኬንትሮሱ ግን በምድር ወገብ 111፣ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ግማሹ፣ ዋልታ ላይ ባዶ። ጊዜው ብቻ አይለወጥም፤ አንድ ዲግሪ ሁሌም 4 ደቂቃ ነው።

ሥርወ ቃል፦ እኔስ ኬንትሮስ «ከንተረ» ከሚል ግስ የወጣ ይመስለኛል፤ ቀጥ ብሎ ወረደ ለማለት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እንዲህ ያለ ግስ የት ወረደ? በጽርዕ፣ በግሪክኛው፣ ኬንትሮን ሹል ጫፍ ነው፤ የክብ ማዕከልም ይሉታል። ግስ ከኪስ አይወጣም፣ ልጄ።

ጠያቂው፦ «ሳትለቅ»ስ?

ግርግር፦ መምህር፣ ካልዒትስ ስንት ዲግሪ ይሆናል?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ 60ው አንድ ኬክሮስ ነው። አንዱ 24 ሰከንድ፤ የዲግሪ አንድ አሥረኛ።

ሉል፦ በምድር ወገብ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ደግሞ ካልእ በአልፉ «አ» ነው። በዐይኑ «ዐ» ማን ጻፍ አለህ?

ሥርወ ቃል፦ በዐይኑም ተጽፎ አይቻለሁ!

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ከንተረን ያየህበት ላይ ይሆናል።