ጥያቄ፦ 48 ቮልቷን ስጫን ሳውንድ ካርዴ ድርግም ትላለች፣ አስቸኳይ!

የጓዳ ስቱዲዮ
ሰላም ቤተሰብ። በናታችሁ ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ዘፋኟ ትመጣለች፣ ሳውንድ ካርዴ ደግሞ ሞታብኛለች። ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የምታገናኘው ትንሿ ባለ ሁለት ኢንፑት ነች፣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም። ማይኩ ኮንዴንሰር ነው፣ ከካርዷ 48 ቮልት ካልተላከለት የማይሠራው ዓይነት። 48 ቮልት የምትለዋን ቁልፍ ስጫን መብራቷ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ትልና ድርግም። ላፕቶፑ «ዱዱም» ይላል፣ ተነቀለች ማለቱ ነው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ዱዱም»፣ ተሰካች። መቅጃው ሶፍትዌር ደግሞ የድምፅ መሣሪያ የለም ብሎ ይቆማል። ትናንት ማታ ጥሩ ቨርስ እየቀዳሁ መሃል ላይ እንዲሁ አድርጋኝ ውሃ በላው። የቱን ብገዛ ይሻላል? ትንሽ፣ ቦርሳ የምትገባ፣ ከላፕቶፕ ጋር የማትጣላ። ለነገ ብዋስም ችግር የለውም።

ምት ጠባቂ
አጥፍተህ አብራው።

የጓዳ ስቱዲዮ
ሰባት ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ ወንድሜ። አሁን እሷ እኔን ልታጠፋኝ ነው።

የድሮው ኢንጂነር
ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ነገር በየጊዜው ስለሚነሳ ከሥሩ እንጀምር። ኮምፒውተር ድምፅን እንደ ወራጅ ውሃ አይቀበልም፣ እየቆነጠረ ነው። የአንዱ ቁንጥር መጠን በፈር ይባላል። በ44,100 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ስትቀዳ በፈሩ 256 ሳምፕል ከሆነ አንዱ ቁንጥር 5.8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 128 ብታደርገው 2.9 ይሆናል፣ ግን ፕሮሰሰሩ ይጨነቃል። ያኔ ድምፁ ይንጣጣል፣ ይቆራረጣል። 512 ብታደርገው ፋታ ያገኛል፣ ዘፋኟ ግን የራሷን ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ ትሰማዋለች፣ ምቷም ይጠፋታል። ስለዚህ ስትቀዳ ዝቅ፣ ስትሚክስ ከፍ። ካርዷ ዳይሬክት ሞኒተር ካላት እሷን አብራ፣ ድምፁ ኮምፒውተሩን ሳይዞር በቀጥታ ወደ ጆሮዋ ይሄዳል። እኛ በቴፕ ስንሠራ በፈር የሚባል ነገር አልነበረም፣ እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ዘጠኝ ትራክ
በፈሩን 512 አድርገው። እኔም ሲቆራረጥብኝ በዚያ ነው የተላቀቅሁት።

የጓዳ ስቱዲዮ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን እስከ 1024 አድርሼዋለሁ። 48ቷን ስጫን ያው ነው። መቆራረጥ ሳይሆን ጭራሽ መጥፋት።

ጸጥታ
ይቅርታ፣ እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ካርድ ከመግዛትህ በፊት ለምን ኮንዴንሰር? ክፍልህ ባዶ ግድግዳ ከሆነ ኮንዴንሰር ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል፦ የላፕቶፑን ፋን፣ የጎረቤቱን በር፣ የወንበርህን ሲጥ ሲጥ። ዳይናሚክ ማይክ ያዝ፣ 48 ቮልት አይፈልግም፣ ችግርህም አብሮ አለቀ።

የጓዳ ስቱዲዮ
ዳይናሚክ የለኝም። ልጅቷ ደግሞ በጣም ቀስ ብላ ነው የምትዘፍነው፣ ሹክሹክታ በለው።

ዘጠኝ ትራክ
@ጸጥታ ዳይናሚክ ሁሉ እኩል አይደለም። ሹር ኤስኤም7ቢን ብታስመጣው 60 ዲሲቤል የሚጠጋ ጌን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) ይፈልጋል። በእነዚህ ትንንሽ ካርዶች ላይ ጌኑን እስከ መጨረሻው ታዞረዋለህ፣ ሹክሹክታ ሲሆን ደግሞ ሽሽታው አብሮ ይመጣል።

ጸጥታ
ቀረብ ብላ ትዝፈና። ከማይኩ ያላት ርቀት በግማሽ ሲቀንስ 6 ዲሲቤል ገደማ በነፃ ታገኛለህ። በነፃ እኮ ነው የምልህ!

ምት ጠባቂ
ኬብሉ ለቻርጅ ብቻ የሚሆነው ዓይነት ቢሆንስ? እኔ በዚያ አንድ ቀን ሙሉ ተቃጥያለሁ።

ባለ ጊታሯ
እሱ ቢሆን ኖሮ ላፕቶፑ ጭራሽ አያያትም ነበር። እሱ እያያት ነው የምትጠፋበት።
የጓዳ፣ ሁለት ነገር ንገረኝ። ካርዷ የተሰካችው ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ነው ወይስ በመሃል ሌላ ነገር አለ? ማይኩን ነቅለህ 48ቷን ብቻ ስትጫንስ ትጠፋለች?

የጓዳ ስቱዲዮ
ማይኩ ሲነቀል መብራቷ ትንሽ ትደበዝዛለች እንጂ አትጠፋም። አዎ፣ ሃብ (አንዱን ቀዳዳ ለብዙ ዕቃ የሚያካፍለው) አለ፣ ላፕቶፑ ሁለት ዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፣ አንዱ ለቻርጀሩ ነው። ሃቡ ላይ ካርዷ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ፣ ትንሿ ሚዲ ኪቦርድና የማውሱ ነገር አሉ። እሱ ግን ሁሌም እንደዚያው ነው፣ ምን ያገናኘዋል?

ምት ጠባቂ
አንድ ጡት፣ አራት ልጅ።

ባለ ጊታሯ
ቀልዱ ትክክል ነው። ተራ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው 5 ቮልት በ500 ሚሊአምፒር ነው፣ 2.5 ዋት ማለት ነው። ዩኤስቢ 3 ከሆነ 900፣ ማለትም 4.5 ዋት። ሃብህ የራሱ አዳፕተር ከሌለው ይህችኑ ነው ለአራት የሚያካፍለው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ብቻውን አብዛኛውን ሊጎርስ ይችላል። ካርዷ ደግሞ 48 ቮልቱን ከሌላ ቦታ አታመጣውም፣ ያንኑ 5 ቮልት ነው ከፍ የምታደርገው። ቁልፏን ስትጫን ኃይሉ ያጥራታል፣ ትደክማለች፣ ትጠፋለች። አልተበላሸችም። ሁለት ወሯ ነው አልክ? ዲስኩስ መቼ መጣ?

የጓዳ ስቱዲዮ
ዲስኩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው! ላፕቶፑ ሞልቶብኝ ፕሮጀክቶቹን ወደዚያ አዛወርኳቸው። አሁን ደብዳቤ ሳልልክ መልስ እንደመጣልኝ ነው የተሰማኝ። ቆይ ልሞክረው።

የድሮው ኢንጂነር
እንግዲህ ልጆች፣ ኃይሉም ቢሆን በፈሩም ይታይ።

የጓዳ ስቱዲዮ
ቻርጀሩን ከሃቡ የኃይል ቀዳዳ ላይ ልሰካ ብዬ ነበር፣ ሃቡ ግን እንደዚያ ያለ ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ሃቡን ነቅዬ ካርዷን በቀጥታ ሰካኋት። 48ቷን ተጫንኩ፣ መብራቷ ንቅንቅ አላለችም! አሥር ደቂቃ ቀዳሁ፣ ደህና ነው። ግን አዲስ ጣጣ መጣ። ቻርጀሩ ሲሰካ ከሥር «እዝዝዝ» የሚል አለ። ስነቅለው ጭጭ። ይሄስ ካርዷ ነው?

ባለ ጊታሯ
እሱ ግራውንድ ሉፕ (ዕቃዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ከመሬት ሽቦ ጋር ሲገናኙ የሚመጣ ጫጫታ) ሳይሆን አይቀርም፣ ወይም የቻርጀሩ የራሱ ጫጫታ። ስፒከሮችህ በሌላ ሶኬት፣ ላፕቶፑ በሌላ ሶኬት ከተሰኩ ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ አድርጋቸው። ለነገ ግን አትድከም፣ ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ስትቀዳ ቻርጀሩን ንቀለው። ላፕቶፑ ባትሪ ቁጠባ ውስጥ እንዳይገባ ሴቲንጉን ቀድመህ አስተካክል፣ ያኔ ነው በእውነት የሚቆራረጥብህ። ፕሮጀክቱንም ወደ ላፕቶፑ መልሰው፣ ዲስኩ ላይ አትቅዳ።
አንድ ነገር ደግሞ፦ 48ቷን ከመጫንህ በፊት የስፒከሩንና የሄድፎኑን ድምፅ ዝቅ አድርግ። ያቺ «ጷ» የምትል ነገር በዘፋኟ ጆሮ ላይ ብትፈነዳ ተመልሳ አትመጣም።

ጸጥታ
24 ቢት ላይ ቅዳ፣ ጌኑንም አታጭቀው። ጩኸቷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከዜሮ (ድምፁ ከሚቀደድበት ጣሪያ) በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ቢቆም በቂ ነው። ሹክሹክታ ናት ብለህ ጌኑን ስትከፍተው ልጅቷ ኮረስ ላይ ትጮህና ይቀደድብሃል። ዳይናሚክ ይሻላል የምለውን ግን አልተውኩም።

ምት ጠባቂ
የላፕቶፑን ፋንስ? ብርድ ልብስ እንዳታለብሰው፣ እሱ ልብሱን ሲያይ ይበልጥ ነው የሚጮኸው። ላፕቶፑን ከማይኩ ጀርባ በኩል አርቀህ አስቀምጠው፣ ካርዲዮይድ ማይክ በጀርባው ብዙም አይሰማም።

የጓዳ ስቱዲዮ
እሺ እሺ። ቻርጅ ላይ ነኝ፣ 62 በመቶ። ነገ የሆነውን እነግራችኋለሁ። አዲስ ካርድ የሚለውን ተዉት፣ በራሱ አዳፕተር የሚሠራ ሃብ ነው የምፈልገው።

ዘጠኝ ትራክ
ግን በፈሩን 512 አደረግኸው?

ጥቁር ሄድፎን
ሰላም፣ ይሄን ያገኘሁት ፈልጌ ነው፣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል መሰለኝ። የጓዳ፣ ዘፋኟ መጣች? የእኔም ካርድ 48ቷን ስጫን ትጠፋለች፣ ግን ሃብ የለኝም፣ ቀጥታ ነው የተሰካችው። የሚገርመው በጓደኛዬ ማይክና ኬብል አትጠፋም።

ባለ ጊታሯ
የጓደኛህን ማይክ በአንተ ኬብል ሞክረው፣ ከዚያ የአንተን ማይክ በእሱ ኬብል። የምትጠፋው በአንተ ኬብል ብቻ ከሆነ ጫፉን ፍታውና እይ። የኤክስኤልአሩ (የባለ ሦስት ፒኑ ማይክ መሰኪያ) ፒን 2 ወይም 3 ሽቦ ላልቶ ከፒን 1 ጋር የሚነካካ ከሆነ 48ቱ ወደ መሬት ነው የሚፈሰው። አንዲት ቀጭን የሽቦ ፀጉር ትበቃለች። በአንተ ማይክ ብቻ ከሆነ ግን ማይኩን ለጠጋኝ ስጠው፣ ካርዷን አትንካት።