የቲቢያ ትሪው ከሲሚንቶው ለምን ንጹሕ ሆኖ ይላቀቃል?

የአጥንት ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ አንድ ነገር ልጠይቅ። የላላ ጉልበት በድጋሚ ሲከፈት አንዳንዴ ኢንፌክሽን የለም፤ የቲቢያ ትሪው (በቅልጥም አጥንቱ አናት ላይ የሚቀመጠው የብረት ሳህን) ግን ያለ ብዙ ትግል ብድግ ብሎ ይወጣል። ሲሚንቶው አጥንቱን አጥብቆ እንደያዘ ይቀራል፤ የብረቱ የታች ገጽ ደግሞ ሲሚንቶ ነክቶት የማያውቅ ይመስል ያብረቀርቃል። የምናነበው አብዛኛው ነገር ሲሚንቶ ከአጥንት ጋር ስለሚያያዝበት መንገድ ነው፤ ስለ ብረቱ በኩል ትንሽ ነው የሚባለው። ይህ መያያዝ የሚበላሸው በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ሲሚንቶውስ መቼና የት የት ይቀባ? ባለ 40 ግራም፣ ጄንታማይሲን (አንቲባዮቲክ) ያለበት፣ ወፍራም ሲሚንቶ ነው እንበል።

ቀዶ ሐኪም፣ ጉልበትና ዳሌ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ዓይኑን አጥንቱ ላይ ብቻ ስለሚያደርግ ነው ይህ የሚመጣው። ሲሚንቶው አያጣብቅም፤ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ይቆልፋል እንጂ። አጥንቱ ላይ ስፖንጅማው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ብረቱ ላይ ደግሞ ሻካራው ገጽና ጎድጓዳ ኪሶቹ ውስጥ። በመካከል ስስ የስብ ንጣፍ ከገባ ብረቱን የሚይዘው ነገር የለም።

ስቡ የሚመጣው ከመቅኔ ነው፤ የሚገባበትም ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው ትሪው ተመትቶ ሲገባ ነው። ሲሚንቶው ወደ ታች ሲገፋ ስብና ደም ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲሚንቶ የተቀባው አጥንቱ ብቻ ከሆነና ብረቱ ባዶውን ከመጣ ስቡ በቀጥታ የብረቱን ገጽ ያገኛል። ሁለተኛው፣ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ጉልበቱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ነው። ትሪው በዓይን በማይታይ መጠን ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ስቡን ከሥሩ እየመጠጠ ያስገባል። «ሚዛኑን ልየው» ተብሎ በዚህ ሰዓት ጉልበት ማጠፍ ትልቁ ጥፋት ይመስለኛል። ሚዛን የሚታየው ሲሚንቶው ሳይበጠበጥ በሙከራ ኢምፕላንት (ለልክ ብቻ ገብቶ በሚወጣ) ነው።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፦ የተቆረጠው አጥንት በግፊት ውሃ ይታጠባል፤ የስፖንጁ ቀዳዳዎች ነጭ ሆነው እስኪታዩ ድረስ። በመርፌ የሚረጭ ውሃ ስቡን በደንብ አያወጣውም። ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ቦታ ካለ (ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ጉልበት በሚዞረው ጎን ነው) በ2 ወይም 3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በርከት ያሉ ጥልቀት የሌላቸው ቀዳዳዎች ይሠሩበታል። ከዚያ በሳክሽንና በደረቅ ጎዝ ይደርቃል። ለትሪው ግንድ (ከሥሩ ወርዶ አጥንቱ ውስጥ ለሚገባው ክፍል) የተሠራው ቀዳዳ ደም የሚያቆርበት ጉድጓድ ስለሆነ መጨረሻ ላይ እሱን አድርቁት።

ሲሚንቶው መጀመሪያ የሚቀባው ብረቱ ላይ ነው። ገና ተለጣፊነቱ ሳይጠፋ የትሪው የታች ገጽ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፣ ኪሶቹም በጣት ይሞላሉ። ቀጥሎ አጥንቱ ላይ ተደርጎ በአውራ ጣት ወደ ውስጥ ይገፋል። ሲሚንቶ ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ይዋሃዳል፤ ለስቡም ወደ ብረቱ የሚወጣበት መንገድ አይኖርም። አጥንቱ ውስጥ የሚፈለገው ጥልቀት ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ሙቀቱ አጥንቱን የመጉዳት ዕድሉ ይጨምራል፣ በድጋሚ ቀዶ ጥገናም ሲሚንቶውን ለማውጣት ብዙ አጥንት ይጠፋል።

ትሪው ከገባ በኋላ ትርፉ ከኋላ በኩል ተጀምሮ ይለቀማል። የኋላው ከተረሳ በኋላ ዓይን አያገኘውም፤ ተሰብሮ ፖሊኤቲሊኑ (በብረቶቹ መካከል ያለው ፕላስቲክ) ላይ ከገባም ይፈጨዋል። ከዚያ ጉልበቱ ተዘርግቶ እኩል ግፊት እየተደረገበት ሳይነቃነቅ ይጠበቃል። ተገፍቶ ከልክ በላይ እንዳይዘረጋ፤ ትሪውን ሊያዘነብለው ይችላል።

ኦአር (የቀዶ ጥገና ክፍል) ነርስ፦
ዶክተር ባሉት ላይ ከጠረጴዛው በኩል ያለውን ልጨምር። የኢምፕላንቶቹ መጠን ተረጋግጦ ሁሉም ሳይከፈት፣ አጥንቱም ሳይደርቅ ሲሚንቶ አይበጠበጥ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ፈሳሹ ዱቄቱን ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ነው፤ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይቁጠር። ክፍሉ ወይም ፓኬቱ ከሞቀ የመሥሪያ ጊዜው ያጥራል፣ ከቀዘቀዘ ይረዝማል። ስለዚህ የአምራቹን የሙቀት ሰንጠረዥ ክፍሉ ካለው ሙቀት ጋር አስተያዩ፤ የባለፈውን ቀን ደቂቃ አትመኑ። ዱቄቱን ወይም ፈሳሹን ከፍሎ መበጥበጥ ፈጽሞ አይሆንም፤ የሁለቱ መጠን የተመጠነው አንድ ላይ ነው። በቫክዩም መበጥበጥ የአየር ቀዳዳዎችን ይቀንሳል፣ ትነቱንም ይይዛል።

ሞኖመሩ (የሲሚንቶው ፈሳሽ) የላቴክስ ጓንትን አልፎ ይገባል፤ ሁለት ጓንት ይደረግ፣ ሲሚንቶ የነካው ቶሎ ይቀየር። ትሪውን የሚቀባው ሰው ጓንት አዲስና ደረቅ ይሁን፤ ደምና ስብ የነካ ጓንት ያንኑ ስብ ብረቱ ላይ ያሳርፈዋል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው የሲሚንቶ ናሙና ከሰውነት ውስጡ ዘግይታ ነው የምትጠነክረው፤ እሷ ድንጋይ ሳትሆን እግሩን የሚነካ አይኑር። ሲሚንቶው ሲገባና ቱርኒኬቱ (ደም ለማቆም ጭኑ ላይ የታሰረው) ሲለቀቅ ደግሞ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ። የደም ግፊትና የኦክስጅን መውረድ ከዳሌው ይልቅ በጉልበት ላይ ቢያንስም አለ።

የአጥንት ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቫንኮማይሲን (ሌላ አንቲባዮቲክ) ዱቄት ብንጨምርበትስ? የትሪው ግንድስ ይቀባ ወይስ የትሪው የታች ገጽ ብቻ ይበቃል?

ቀዶ ሐኪም፣ ጉልበትና ዳሌ፦
ለመጀመሪያ ቅየራ በፋብሪካ የተቀላቀለው ይበቃል፤ ብዙዎቹ በ40 ግራም ውስጥ ከ0.5 እስከ 1 ግራም ጄንታማይሲን አላቸው። ኢምፕላንት ለመያዝ በሚውል ሲሚንቶ ላይ ጠቅላላው ከ2 ግራም ባያልፍ ይሻላል፤ አንቲባዮቲኩ በበዛ ቁጥር ሲሚንቶው ይደክማል። ከፍ ያለ መጠን የሚገባው በኢንፌክሽን ጊዜ ለሚቀመጥ ጊዜያዊ ስፔሰር (የመገጣጠሚያውን ቦታ የሚይዝ ሲሚንቶ) ነው፤ እዚያ ጥንካሬው ሁለተኛ ነገር ነው። በምንም ዓይነት ፈሳሽ አንቲባዮቲክ አይጨመር፤ ውሃው ሲሚንቶውን ክፉኛ ያዳክመዋል።

ግንዱ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። የታች ገጹን ብቻ የሚቀቡት በድጋሚ ሲወጣ አጥንት ይተርፋል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን አጥንቱ የላላ ወይም ታካሚው ከባድ ከሆነ ግንዱም ይቀባ እላለሁ፤ የመጀመሪያው ጥንካሬ ይበልጣል።

ራዲዮሎጂ፦
አንድ ነገር ከእኛ በኩል። ይህ ዓይነቱ መላቀቅ በራጅ በቀላሉ ያመልጣል፤ ሲሚንቶው ከአጥንቱ ጋር ደህና ሆኖ ስለሚታይ። በሲሚንቶና በአጥንት መካከል ያለ ከ2 ሚሊሜትር ያነሰና የማይሰፋ ጥቁር መስመር ብቻውን መላላትን አያሳይም። በብረቱና በሲሚንቶው መካከል ያለ መስመር ግን ቀጭንም ቢሆን ያሳስባል። እሱን ለማየት ጨረሩ ከትሪው ገጽ ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ትንሽ ካዘነበለ ብረቱ ይጋርደዋል። በፍሎሮስኮፒ (በቀጥታ በሚታይ ራጅ) እያያችሁ አስተካክላችሁ አንሱ፤ ከቀድሞዎቹ ፊልሞች ጋርም አነጻጽሩ፣ በተለይ ትሪው ወደ ውስጥ እያዘነበለ መሆኑን።