ከሲቲ አስተርጓሚ፣ ራምፕ ወይም ፓራትራንዚት ስትጠይቁ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ይህ ጥቆማ አሜሪካ ለምትኖሩ ነው፦ ራሳችሁ የአካል ጉዳት ላለባችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁን ለምትንከባከቡ። ሲቲ ስል የከተማ አስተዳደሩን፣ ራምፕ ስል ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫን፣ ፓራትራንዚት ስል ደግሞ በመደበኛው አውቶቡስ መሄድ ለማይችሉ የሚሰጠውን የጉዞ አገልግሎት ማለቴ ነው። ብዙ ሰዎቻችን «ላስቸግራቸው አልፈልግም» እያሉ ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤዲኤ የሚባለው፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ ማንኛውንም የከተማ አስተዳደር ይመለከታል። ሲቲው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይም የብሬል ጽሑፍ ሲያቀርብላችሁም ወጪውን እናንተን ማስከፈል አይችልም።

መጀመሪያ ጥያቄው ማን ጋ ይግባ የሚለውን እንይ። በብዙ ትልልቅ ከተሞች 311 የሚባል የስልክ መስመር አለ። የተሰበረ የእግረኛ መንገድ፣ በረዶ የዘጋው መሻገሪያ ወይም ድምፁ የማይሰማ የትራፊክ መብራት ካለ እሱ ጥሩ ነው። የመከታተያ ቁጥር ከሰጧችሁ ጻፉት። ለስብሰባ ወይም ለቀጠሮ የሚሆን አስተርጓሚ ስትፈልጉ ግን 311ን አልመክርም። ስልኩን ያነሳው ሰው ጥያቄውን ወደ ሌላ ክፍል ይመራዋል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደያዘው ማወቅ ይከብዳል።

እኔ የማስቀድመው የኤዲኤ ኮኦርዲኔተሩን፣ ማለትም በሲቲው ውስጥ የኤዲኤን ጉዳይ የሚከታተለውን ሠራተኛ ነው። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት የከተማ አስተዳደር ይህን ኃላፊነት የሚይዝ ሰው መመደብ አለበት። ስሙን፣ የቢሮ አድራሻውንና ስልኩንም ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ከተማው ትንሽ ከሆነና እንዲህ ያለ ሰው ከሌለው የከተማውን ሰነዶች ወደሚይዘው ወደ ሲቲ ክለርክ ቢሮ ሂዱ። ለካውንስል ስብሰባ ከሆነ ደግሞ አጀንዳውን እስከ ታች አንብቡት። አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው ማንን፣ ከስንት ሰዓት በፊት ማነጋገር እንዳለበት ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፏል። 48 ወይም 72 ሰዓት የሚሉ ብዙ ናቸው። እናንተ ግን እስከዚያ አትጠብቁ፤ ጥሩ አስተርጓሚዎች ቀድመው ይያዛሉ።

በቃል መጠየቅ ይቻላል፣ ሕጉም አይከለክልም። ቢሆንም ኢሜይል ይሻላል እላለሁ፤ መቼ ምን እንደጠየቃችሁ በማስረጃ ይቀራል። ደብዳቤው አጭር ይሁን። የሕመም ታሪካችሁን መዘርዘር አያስፈልግም። ለምሳሌ እንዲህ ይበቃል፦ «በዚህ ቀን በሚደረገው ስብሰባ ላይ መናገር እፈልጋለሁ። መስማት ስለማልችል የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ። እባክዎ በዚህ ኢሜይል መልስ ይስጡኝ።» ኮፒውን ስብሰባውን ለሚያዘጋጀው ክፍልም ላኩ። ስልክ መደወል የግድ ከሆነና መስማት ወይም መናገር የሚያስቸግራችሁ ከሆነ 711 ነጻ የሪሌይ አገልግሎት ነው፤ በመሃል ያለው ኦፕሬተር የምትጽፉትን ለሲቲው ሠራተኛ ያነብላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለባችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። «እርዳታ እፈልጋለሁ» ብቻ ካላችሁ የሚቀላቸውን ይሰጧችኋል። የሚያስፈልጋችሁን በስሙ ጥሩት። ሕጉ እንደሚለው፣ መግባባትን በተመለከተ ሲቲው ቅድሚያ መስጠት ያለበት እናንተ ለመረጣችሁት መንገድ ነው።

መስማት ለተሳናቸው በአካል የሚመጣ አስተርጓሚ፣ በስክሪን የሚቀርብ አስተርጓሚና ንግግሩን ወዲያው ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ አገልግሎት አለ። የመጨረሻው ካርት ይባላል። እንግሊዝኛ ደህና አድርጎ ለሚያነብ ሰው፣ በተለይ ካደገ በኋላ የመስማት ችሎታውን ላጣ፣ ካርትን የሚያህል የለም። እንግሊዝኛ ለማያነብ እናት ግን ምንም አይፈይድም። በስክሪን የሚቀርበው ለአጭር ጉዳይ ይሆናል፤ ምስሉ መቆራረጥ እንደሌለበትም በደንቡ ተጽፏል። ብዙ ሰው በሚነጋገርበት አዳራሽ ግን በአካል የሚመጣውን ጠይቁ።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ኢትዮጵያ ውስጥ በምልክት ቋንቋ ያደገ ሰው የአሜሪካው የምልክት ቋንቋ ላይገባው ይችላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ይህን በጥያቄያችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ራሱ መስማት የተሳነው የሠለጠነ አስተርጓሚ ከመደበኛው አስተርጓሚ ጋር አብሮ ሊሠራ ይችላል። ሲቲው ይህን ከራሱ አስቦ ያመጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግም ይቅር። እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፣ አውቃለሁ፤ ልጁም ደስ ብሎት ያደርገዋል። ግን የአሥር ዓመት ልጅ የቤት ማስለቀቂያ ወረቀት ለእናቱ ማስተርጎም የለበትም። የኤዲኤ ደንብም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሲቲው መስማት ለተሳነው ሰው በልጅ አስተርጓሚነት እንዳይጠቀም ይከለክላል። «አስተርጓሚ ይዛችሁ ኑ» ማለትም አይችልም።

ለዓይነ ስውራን ብሬል፣ ትልቅ ፊደል ወይም በስክሪን ሪደር (የኮምፒውተርን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚነበብ ፋይል መጠየቅ ይቻላል። ኮምፒውተር ለሚጠቀም ሰው ፋይሉን እመርጣለሁ፣ ቶሎ ይደርሳልና። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር በነጻ የሚገኝ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ድምፅ አማርኛም ያነባል። ብቻ «ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ አትላኩልኝ» በሉ። እሱ ፎቶ ነው፤ ስክሪን ሪደሩ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ አያገኘውም።

ለዊልቸር ተጠቃሚዎች፦ መንገድ ዳር ራምፕ እንዲሠራ ስትጠይቁ መንገዶቹ የሚገናኙበትን ቦታ በትክክል ጻፉ፣ ፎቶ አያይዙ፣ ወዴት ለመሄድ እንደሚያስፈልጋችሁም ግለጹ። ሲቲው አንድን መንገድ እንደገና አስፋልት ሲያለብስ የእግረኛ መሻገሪያው ላይ ራምፕ የመሥራት ግዴታ አለበት። ስለዚህ መንገዱ መቼ እንደሚታደስ ጠይቁና ጥያቄያችሁን ከዚያ በፊት አስገቡ። ስብሰባው ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ቦታው እንዲቀየር መጠየቅ ትችላላችሁ።

ፓራትራንዚት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሲቲ ሆል ሳይሆን ከአውቶቡስ ድርጅቱ ነው። ማመልከቻው የሐኪም ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል። አንዴ ተሟልቶ ከገባ ግን በ21 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኛችሁ፣ እስኪወሰን ድረስ አገልግሎቱን የማግኘት መብት አላችሁ። ዋጋው ከመደበኛው አውቶቡስ ከእጥፍ አይበልጥም። ለእንክብካቤ አብሯችሁ የሚሄደው ሰውም አይከፍልም። ታክሲ የለመዱ ወላጆች መጠበቁ ያሰለቻቸዋል፤ ለሐኪም ቀጠሮ ግን ይህን መያዝ ትልቅ እፎይታ ነው።

እንቢ ቢሏችሁስ? ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ሲቲው «ከአቅሜ በላይ ነው» የሚል ከሆነ ውሳኔው ከኃላፊው ወይም እሱ ከወከለው ሰው መምጣት አለበት፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። ያኔም ቢሆን ሌላ አማራጭ መፈለግ ይጠበቅበታል። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ሲቲ የቅሬታ ማቅረቢያ ሥርዓትም አለው፤ ፎርሙን ከኮኦርዲኔተሩ ውሰዱ። ለፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር አቤት ለማለት ያለው ጊዜ 180 ቀን ነው፤ የሲቲውን መልስ ስትጠብቁ ይህ ቀን እንዳያልፍባችሁ።

ከዚያ በፊት የሚያማክራችሁ ሰው ከፈለጋችሁ የአካባቢ ኤዲኤ ማዕከላት ስልክ 1-800-949-4232 ነው። ጠበቃ የሚያስፈልግበት ደረጃ ከደረሰ ደግሞ በየስቴቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስጠብቅ፣ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ድርጅት አለ፤ መጀመሪያ እዚያ ደውሉ።