ሁለት ፈላጊዎችና አንድ መሐላ፦ «ደር ቫምፒር» ስለተባለው ኦፔራ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ — ከተርጓሚዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀርመን አገር ሲሆን፣ ከሥራ በሚተርፈኝ ሰዓት የሃይንሪሽ ማርሽነርን «ደር ቫምፒር» («ቫምፓየሩ») የተባለ ኦፔራ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1828 በላይፕዚግ ከተማ ነው፤ ጽሑፉን ያዘጋጀለትም የሚስቱ ወንድም ቪልሄልም አውጉስት ቮልብሩክ ነው። ሥራዬ ከግማሽ በላይ ደርሷል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ተይዤ ቆሜያለሁና የእናንተን ሐሳብ መስማት እወዳለሁ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በስኮትላንድ ነው። ሎርድ ሩትቨን የሰው ደም እየመጠጠ የሚኖር ፍጡር ሲሆን፣ በምድር ላይ አንድ ዓመት እንዲጨመርለት ከፈለገ እስከሚቀጥለው እኩለ ሌሊት ድረስ ሦስት ሙሽሮችን መሠዋት አለበት። ከእነዚህ አንዷ እንድትሆን የታሰበችው የሰር ሃምፍሪ ልጅ ማልቪና ናት። ማልቪና ኦብሪ የሚባል ወጣት ትወዳለች፤ እርሱም ይወዳታል። አባቷ ግን ልጁን ለማርስደን መስፍን ለመስጠት ቃል ገብቷል፤ ይህ መስፍን ደግሞ ራሱ ሩትቨን ነው። ኦብሪ የባላንጣውን ማንነት ያውቃል። ሩትቨን የመጀመሪያዋን ልጅ ያንቴን ገድሎ በአባቷ እጅ ተወግቶ በወደቀ ጊዜ፣ ወደ ጨረቃ ብርሃን አውጥቶ ነፍስ እንዲዘራ ያደረገው ኦብሪ ነው፤ ይህንንም ያደረገው ሩትቨን ቀደም ሲል ሕይወቱን አትርፎለት ስለነበር ነው። በዚያች ሌሊት ምስጢሩን ለሃያ አራት ሰዓት ለማንም ላይናገር ማለ። መሐላውን ቢያፈርስ እርሱም እንደ ሩትቨን ይሆናል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህንን ነው። በምተረጉምበት ጊዜ ሁሉ በኦብሪ ላይ ንዴት ይይዘኛል። የሚወዳት ልጅ በዓይኑ ፊት ወደ ሞት ስትነዳ፣ አንዲት ቃል ተንፍሶ ሊያድናት ሲችል ዝም ይላል። ይህንን ትዕይንት ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት፤ እርሷ ግን በልጁ አልተናደደችም። «ምሎ የለም እንዴ? ምን ያድርግ?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦብሪን እንደ ፈሪ አድርጌ የተረጎምኩባቸውን ስንኞች ሁሉ መጠራጠር ጀምሬያለሁ። እናንተ እንዴት ታዩታላችሁ? ደግሞስ «ቫምፓየር» የሚለውን ቃል በአማርኛ ምን ልበለው?


ምላሽ — ከአዳማጭ

ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ የሁለተኛውን ክፍል ቀረጻ እንደገና አዳመጥኩት። በእኔ እምነት መልሱ ያለው ሩትቨን ኦብሪን በሚያስፈራራበት ረጅም ትዕይንት ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ሩትቨን መሐላውን የሚያፈርስ ሰው ምን እንደሚደርስበት ይዘረዝርለታል፦ ሞቶ ይቀበራል፤ ከዚያ ከመቃብር ተነሥቶ ወደ ገዛ ቤቱ ይመለሳል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ደማቸውን የሚመጥጠውም ሚስቱንና ልጆቹን ነው፤ ከልጆቹም መካከል በጣም የሚወዳት ትንሿ ልጁ እየለመነችው እንኳ ሊተዋት አይችልም። ይህ ሐሳብ እንግሊዛዊው ገጣሚ ባይረን እ.ኤ.አ. በ1813 ባሳተመው «ዘ ጃውር» በተባለው ግጥም ውስጥ እንደ እርግማን ሆኖ ይገኛል። ቮልብሩክ ያንኑ ሐሳብ ወስዶ በሩትቨን አንደበት አስገብቶታል፤ ሩትቨንም የሚናገረው በራሱ ላይ የደረሰውን ስለሆነ፣ ያ አስፈሪ ድምፅ ለጥቂት ደቂቃ የአባት ለቅሶ ይሆናል።

ይህንን ልብ ካልን ኦብሪ የሚፈራው የራሱን ሞት አይደለም። ምስጢሩን ቢያወጣ ማልቪናን ከሩትቨን ጥርስ አውጥቶ ለራሱ ጥርስ ሊሰጣት ነው። ምክንያቱም ካገባት በኋላ ሚስቱ የምትሆነው እርሷ ናት፤ ከመቃብር ተነሥቶ በመጀመሪያ የሚሄደውም ወደ እርሷ ነው። ስለዚህ ዝምታውን ፍርሃት ብለው መተርጎም የሚያስኬድ አይመስለኝም። ጭንቀት ቢሉት ይሻላል፤ መውጫ የሌለው ጭንቀት።

ሌላም ላስታውስዎት የምፈልገው ነገር አለ። በዚሁ ኦፔራ ውስጥ ሩትቨን ከተራ ሰው ጋር የሚፎካከርባት ሌላ ልጅ አለች፤ ኤሚ ትባላለች፤ እጮኛዋም ጆርጅ ይባላል። ኤሚ ስለ ገረጣው ሰው፣ ፊቱ ደም ስለሌለው ስለዚያ ሰው፣ ለሠርገኞቹ እየዘፈነች ሳለ ሩትቨን ይደርሳል። ጆርጅ በምንም መሐላ አልታሰረም፤ የሚያስረው የባላንጣው ማዕረግ ብቻ ነው። ጌታ ከእጮኛው ጋር ሲጨፍርና ሲያባብላት ሎሌ ምን ሊል ይችላል? በመጨረሻ ተከትሏቸው ሄዶ ሩትቨንን ይተኩስበታል፤ ነገር ግን ኤሚ ቀድማ ሞታለች፤ ሩትቨንም በጨረቃ ብርሃን እንደገና ይነሣል። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢተረጉሟቸው የኦብሪ ሸክም ምን ያህል እንደከበደ ይበልጥ ይታያል።

በዜማው በኩል ግን አንድ ጉድለት እንዳለ እስማማለሁ። ሩትቨን ባሪቶን (መካከለኛ የወንድ ድምፅ)፣ ኦብሪ ቴነር (ቀጭን የወንድ ድምፅ) ነው፤ ምርጡ ዜማም ለባሪቶኑ ተሰጥቷል። ጀርመናዊው የኦፔራ ደራሲ ሪሻርድ ቫግነር እ.ኤ.አ. በ1833 በቩርትስቡርግ ሲሠራ፣ ኦብሪን ይጫወት ለነበረው ለወንድሙ ለአልበርት ሲል የኦብሪን አሪያ (የብቻ ዜማ) ማብቂያ እንደ አዲስ ጽፎለታል። ሰውየው ደካማ መስሎ የሚታይዎት ከቃሉ ይልቅ ከዜማው የተነሣ ሊሆን ይችላል።


ምላሽ — ከቀድሞ መምህር

እናትዎ ትልቅ ነገር ተናግረዋል፤ ሆኖም እኔ በሌላ በኩል ልሞግታቸው እወዳለሁ። መሐላ በእኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ ማተብ ያሰረ ሰው ቃሉን አያጥፍም እየተባልን ነው ያደግነው። ነገር ግን በዚያው በምንሰማው መጽሐፍ ውስጥ ሄሮድስ አለ። ለሄሮድያዳ ልጅ በብዙ ሰው ፊት ስለማለ፣ እያዘነም ቢሆን የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ አስቆርጦ ሰጠ። በየዓመቱ ይህ ታሪክ ሲነበብ «ሄሮድስ ምን ያድርግ፣ ምሎ ነበር» የሚል ምእመን አጋጥሞኝ አያውቅም። ነፍስ የሚያስጠፋ መሐላ ሲጠበቅ የሚጠቅመው ገዳዩን ብቻ ነው።

ኦብሪን የምረዳው በመሐላው ሳይሆን በውለታው በኩል ነው። እዚህ ላይ ሳነብ የታወሰኝ በተአምረ ማርያም የሚገኘው በላዔ ሰብእ ነው። ሰባ ስምንት ሰው የበላው ያ ሰው፣ ለአንድ ውኃ ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ከኃጢአቱ ሁሉ ከብዶ ዳነ። ሩትቨንም በዕድሜው አንድ በጎ ሥራ ሠርቷል፤ የኦብሪን ሕይወት አትርፏል። ልዩነቱ በላዔ ሰብእ ውኃውን ሰጥቶ መተዉ ሲሆን፣ ሩትቨን ግን የሰጠውን ውለታ ቆጥሮ ይዞ፣ በተቸገረ ጊዜ እንደ ዕዳ አስከፈለው። ብቸኛ መዳኛው ሊሆን ይችል የነበረውን ሥራ ገመድ አድርጎ ሰው አሰረበት። በጽሑፉ ውስጥ ይህን ያህል የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር የለም፤ በአማርኛውም ውስጥ «ውለታ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ቢሰማ እመርጣለሁ።

ታሪኩ ወደ ኦፔራ ከመግባቱ በፊት የነበረውን መልክም ማየት ይጠቅምዎታል። ምንጩ የባይረን ሐኪም የነበረው ጆን ፖሊዶሪ የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1819 ለንደን ውስጥ በአንድ መጽሔት ላይ በባይረን ስም የወጣው አጭር ልብ ወለድ ነው። በዚያ ማልቪና የለችም፤ ሩትቨን የሚያገባት የኦብሪን እህት ነው፤ መሐላውም ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን የሚቆይ ነው። ኦብሪ ሠርጉ ለጥቂት ሰዓታት እንዲዘገይ እህቱን በደብዳቤ ይማጸናል፤ ደብዳቤው ግን አይደርሳትም። መሐላው ካበቃ በኋላ ሁሉን ሲናገር ጊዜው አልፏል፤ እህቱም ትሞታለች። ፖሊዶሪ መሐላውን እስከ መጨረሻው አስጠብቆ ዋጋውን አሳይቶናል። ጀርመኖቹ እህትን በእጮኛ ተክተው፣ ወንድምን ባላንጣ አድርገው፣ መጨረሻውን ወደ ደስታ መለሱት።

ስለ ቃሉ፦ እባክዎን «ቡዳ» አይበሉት። ጉዳዩ የትርጉም ትክክለኛነት ብቻ አይደለም። በዚህ ቃል ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቤተ እስራኤሉ ለዘመናት ተገፍቷል፤ ተገድሏልም። ሩትቨን ባለ ርስት መኳንንት ነው፤ ያንን ስም የተሸከሙት ግን ርስት የተነፈጉ ሰዎች ነበሩ። «ደም መጣጭ» በሉት፤ ወይም አንባቢው ከፊልም የለመደውን «ቫምፓየር» እንዳለ ይተዉት።


ምላሽ — ከታላቅ እህት

ሁላችሁም ስለ ኦብሪ ተናገራችሁ፤ እኔ ስለ ልጅቷና ስለ አባቷ ልናገር። ለታናሽ እህቴ የመጡትን ሽማግሌዎች ከአባቴ ጎን ተቀምጬ የተቀበልኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ በቅርብ ይነካኛል። አባቴ በጠያቂው ሀብት ልቡ ተማርኮ ነበር። ሰውየው ደግሞ ጉዞ አለብኝ እያለ ሠርጉ በቶሎ እንዲሆን ያጣድፍ ነበር። እህቴ በሰውየው ላይ የምታውቀው አንድም ክፉ ነገር አልነበረም፤ «አልፈልገውም» ብቻ አለች። እኛም ምክንያት አምጪ እያልን አስጨነቅናት። ዛሬ ሳስበው፣ ያስጨነቅናት በማታውቀው ነገር ላይ ማስረጃ እንድታቀርብ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይጸጽተኛል።

ማልቪናም እንዲሁ ናት። የሩትቨንን ምስጢር አታውቅም። ባሏ ሊሆን የመጣው ሰው ከመቃብር የተነሣ መሆኑን የነገራት የለም። የምታውቀው ኦብሪን እንደምትወድ ብቻ ነው፤ በዚህም ብቻ ከአባቷ ቁጣ ፊት ትቆማለች። ሰር ሃምፍሪ ግን ሠርጉ በዚያው ቀን እንዲፈጸም ያዝዛል። በእኛ ወግ ሽማግሌ ተልኮ በመጣበት ቀን ልጅ አይሰጥም፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ የሰውየው ጠባይ በሠፈሩ ይጠየቃል። ይህ ወግ በብዙ መንገድ ሴት ልጅን እንደሚበድል አውቃለሁ፤ ጥድፊያን ግን ይከለክላል። ሩትቨን ደግሞ ያለ ጥድፊያ ምንም ኃይል የለውም፤ ጊዜው እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ነውና። ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ተብሎ አንድ ሳምንት ቢቀጠር ኖሮ በራሱ ጊዜ ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ ልጅቷን ያዳናት የኦብሪ ቃል ብቻ ነው ብላችሁ አትጻፉ። በመጨረሻው ትዕይንት እየለመነች፣ እያለቀሰች፣ እንቢ እያለች ሰዓቱ እንዲያልፍ ያደረገችው እርሷም ናት። ተርጓሚዋን የምለምነው፣ የማልቪናን ልመና እንደ ልቅሶ ብቻ እንዳይተረጉሙት ነው።


ምላሽ — ከተርጓሚዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ሌሊት የኦብሪን ክፍል ከመጀመሪያው ጀምሬ እያረምኩ ነው። «ፈራሁ» ያልኩባቸውን ሦስት ቦታዎች «ጨነቀኝ» በሚለው ለውጫለሁ። «ውለታ»ም ገብቷል። ለማልቪና «እባክህ አባቴ» ብዬ የጻፍኩላትን «አባቴ፣ አይሆንም» አድርጌዋለሁ።

አሁን የቀረኝ የመጨረሻው ቦታ ነው። ኦብሪ ምስጢሩን የሚያወጣው ሰዓቱ አንድ ሲመታ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ወዲያው መብረቅ ወርዶ ሩትቨን ወደ ሲኦል ይወርዳል፤ ሰር ሃምፍሪም ይቅርታ ጠይቆ ልጁን ለኦብሪ ይሰጣል። በጀርመንኛ «ነው» የሚለው ግሥ ቀድሞ ስሙ ስለሚከተል፣ «ቫምፓየር» የሚለው ቃል ከሁሉም በኋላ እንደ ደወል ይመታል። በአማርኛ ግን «ይህ አውሬ ቫምፓየር ነው» ስል የሚያስተጋባው «ነው» ይሆንና ቃሉ መሐል ላይ ይታፈናል። መምህር ያሉኝን «ደም መጣጭ» ሞከርኩት፤ ለዜማው ረዘመብኝ። ለጊዜው «ነው»ን ትቼ፣ «ይህ አውሬ…» ካለ በኋላ ደወሉ እንዲመታና ከደወሉ ቀጥሎ «ቫምፓየር!» እንዲል አድርጌ ጽፌዋለሁ። አዳማጭ፣ ቀረጻው በእጅዎ ስላለ፣ ደወሉ ከተመታ በኋላ ለዚህ ቃል የሚበቃ ጊዜ መኖሩን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።