ጠዋት ማቆያ ላይ ለልጆች የሚሰጠው ቁርስ የናንተ ጋ እንዴት ነው? (ደሴ / ኮምቦልቻ)

የሆጤዋ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች እንዴት ናችሁ። እኔ ኑሮዬ ደሴ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ የሐረጎን ቁልቁለት እስኪወርድ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ ጉም የወረደ ቀን ደግሞ ሹፌሩ መንገዱን እየዳበሰ ነው የሚሄደው፣ ስለዚ 12:30 ላይ ከቤት ካልወጣሁ በቃ አርፍጃለሁ። ልጄ 5 ዓመቷ ነው ኬጂ 2። ክላስ የሚጀምረው 2:15 ነው ግን ግቢው ውስጥ እንደኔ ማልደው ለሚወጡ ወላጆች ከ12:30 ጀምሮ ልጅ የሚቀበል ማቆያ አላቸው። ቁርስ እዛው ነው የሚበሉት ተብሎ ከወር ክፍያው ሌላ ተጨማሪ እንከፍላለን።

ላስመዘግባት የሄድኩ ቀን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሜኑ አሳዩኝ። ሰኞ ቅንጬ በወተት፣ ማክሰኞ እንቁላል በዳቦ፣ ረቡዕ ገንፎ፣ ሐሙስ ጨጨብሳ፣ አርብ ድንች በዳቦ። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ሁሉ ልኬላት ነበር፣ «ካንቺ ቤት ይሻላታል» ብላ ስቃብኛለች።

ያለፈው ቅዳሜ ዩኒፎርሟን ላጥብ ኪሷን ስፈትሽ ሻይ ውስጥ ተነክሮ የደረቀ ዳቦ አገኘሁ፣ ጨርቁ ላይ እንደ ጭቃ ተለጥፎ በማንኪያ ጀርባ ነው የፋቅኩት። ምንድነው ይሄ ስላት «ሚስ ጨርሺ ስትለኝ ደበቅኩት» አለች። ታዲያ ቅንጬ ሲሰጧችሁስ ትበያለሽ? ብላት «ቅንጬ ምንድነው?» አትለኝ መሰላችሁ!

ሐሙስ ዕለት አለቃዬን አስፈቅጄ አብሬያት ገባሁ። ትልቅ ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ፣ የላስቲክ ኩባያ፣ በእጅ የተቆረሰ የትናንት ዳቦ። ያ ነው ቁርሱ። ሻዩን ቀመስኩት፣ ሽሮፕ በሉት። ልጆቹ ጃኬታቸውን እንኳን ሳያወልቁ አንገታቸውን ቀብረው ያላምጣሉ፣ ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል። የሐሙሱ ጨጨብሳ የታለ ስል ሞግዚቷ ፊቷን ሳታዞር «ዛሬ ዘይት አልቆ ነው» አለችኝ። እንደ ልጄ ከሆነ ዘይቱ ሁሌም ያለቀ ነው።

የናንተ ጋ ምንድነው የሚሰጡት? ደሞ ዋናው ጥያቄዬ ይሄን ነገር ልጄን ጥርስ ውስጥ ሳላስገባት እንዴት ነው የምናገረው? ሌላ ማቆያ ውሰጃት እንዳትሉኝ፣ በዛ ሰዓት የሚቀበል ሌላ በአቅራቢያዬ የለም።

ባለባጃጁ፦
ኧረ ተይ እህቴ አታካብጂ። እኛ በዳቦና በሻይ አይደል እንዴ ያደግነው፣ አንዳንዴ ዳቦውም የለም ሻይ በቆሎ ነው። ይኸው ሰው ሆነናል።

የሆጤዋ፦
@ባለባጃጁ ወንድሜ እኔም በሻይ ነው ያደግኩት ግን ማንም ጨጨብሳ ነው ብሎ ብር አልተቀበለኝም

የቦርከና ልጅ፦
ሃሃሃ ጥሩ መለሽለት። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ባለቤቴም እኔም ሺፍት ነን፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተከፈተ ወዲህ እዚህ ማልዶ የሚወጣው ወላጅ በጣም በዝቷል መሰለኝ ማቆያውም እንደዛው። እኛም ያንቺው ነገር ደርሶብን ነበር፣ የኛ ደሞ ሻይ ሳይሆን በውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት ጁስና ብስኩት ነበር፣ ልጄ ምላሷ ብርቱካናማ ሆኖ ነው ማታ የምትመጣው።

ያደረግነውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ብቻሽን አትሂጂ። እኔ ብቻዬን ሄጄ «እሺ እናስተካክላለን» ተባልኩ፣ አለቀ። ከዛ በር ላይ ልጅ ሲያደርሱ የማገኛቸውን ወላጆች እየጠየቅኩ ዘጠኝ ሆነን ገባን። «ልጄ ነገረችኝ» የሚል ቃል ማንም እንዳያወጣ አስቀድመን ተማክረናል፣ ሁላችንም «ሜኑውን አይተን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» ነው ያልነው። ልጅ ስም አልተነሳም። ዘጠኝ ሰው ሲመጣ ወንበር ይፈለግለታል፣ ብቻሽን ስትሆኚ ኮሪደር ላይ ነው የሚያናግሩሽ።

ሁለተኛ በየቀኑ የተበላውን ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንዲለጥፉ ተስማማን። እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቂ። መጀመሪያ ሳምንት የሚላከው ፎቶ ልብ ያሞቃል፣ እንቁላሉ ተቆርጦ ቲማቲሙ ተደርድሮ ሬስቶራንት ነው የሚመስለው፣ ኋላ አንዷ እናት ልብ ብላ ስታየው በየቀኑ ያቺው አንዲት ጠርዟ የተሸረፈች ሰማያዊ ሳህን ናት። ለፎቶ አንድ ሳህን እየሠሩ ነበር ማለት ነው! ከዛ በኋላ ሳህኑን ተዉት ድስቱን አሳዩን አልን። የድስት ፎቶ አያምርም ግን አይዋሽም።

አሁን ሳምንቱን ግማሽ ምጥን አጥሚት ነው፣ ዱቄቱን ወላጅ በተራ ያመጣል። ስንዴ ገብስ አጃ፣ ሽምብራና ትንሽ አኩሪ አተር ተቆልቶ ይፈጫል፣ እናቴ ናት የመጠነችው። ያለ ጥራጥሬው አይሆንም ትላለች።

ሙጋድ፦
ምጥን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የት ነው ያለው ደሴ ላይ? በኪሎ ስንት ነው

ወጥ ቤት ነኝ፦
እኔ ደሴ አንድ ማቆያ ውስጥ ቁርስ የማበስለው ነኝ (የዚችን እናት ማቆያ አይደለም)። የእህቴ ልጅ ናት ይሄን ያሳየችኝ፣ ዝም ብዬ ላልፍ ነበር ግን እኛም ይወራልን እስቲ።

እህቴ ንዴትሽ ገብቶኛል እውነትም አለሽ። ግን ያን ሜኑ የጻፈው ሰው በሕይወቱ ቂጣ ጋግሮ አያውቅም ወላሂ። ጨጨብሳ ለ28 ልጅ? በአንድ ምጣድ? ቂጣው ተጋግሮ ተቆራርሶ በቅቤ ታሽቶ፣ ያውም በዛ ብርድ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በመስኮቱ እየገባ፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከሰል ማያያዝ ነው። እኔ 11 ሰዓት ነው የምገባው፣ እኔና አንዲት ልጅ ነን። ትልልቆቹን ድስቶች በ2014 አጥተናቸዋል እስካሁን በተዋስነው ነው የምንሠራው። ስለዚ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ጨጨብሳ ብሎ ሲለጥፍ ሞግዚቷ ያላት መልስ «ዘይት አለቀ» ብቻ ነው፣ በሷ አትፍረጂ።

ገንፎም እንደዛው ነው። ልጆቹ እኮ አንዴ አይመጡም፣ የመጀመሪያው 12:30 የመጨረሻው 1:45 ነው የሚገባው። ለመጀመሪያው ትኩስ ገንፎ ነው ለመጨረሻው ጡብ። ደሴ ላይ ገንፎ አሥር ደቂቃ አይጠብቅሽም።

የሚያዋጣው ቅንጬ ነው። ክክ ስንዴውን ማታ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ጠዋት ቶሎ ይበስላል፣ ከእሳት ሲወርድ ድስቱን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጥግ አስቀምጠዋለሁ፣ የመጨረሻው ልጅ ሲመጣ እንኳን ሲከፈት እንፋሎቱ ፊትሽን ይመታዋል። ወተቱን እየቀዳሁ ላዩ ላይ ነው የማደርገው፣ አብሬ ካፈላሁት ያራል። እንቁላል ደግሞ ቅቅል ነው እንጂ ጥብስ አይሞከርም። በሳምንት ሁለቴ ነው የምሰጣቸው። ኬጂ 3ቶቹ ራሳቸው ይልጣሉ፣ ቅርፊቱን ግንባራቸው ላይ ነው የሚሰብሩት እሱ እንዲያውም እንቁላሉን ያስበላቸዋል። አንድ ልጅ ግን እንቁላል ከንፈሩን ያሳብጠዋል እሱን እናቱ ቀድማ ነግራናለች፣ እናንተም እንደዚ ያለ ነገር ካለ ስታስመዘግቡ ተናገሩ።

ሌላው ረቡዕና አርብ ነው። አንዳንዱ ወላጅ ልጄ ይጹም ይላል አንዷ ደሞ ገና 7 አልሞላትም ወተቷን ስጧት ትላለች፣ እኔ ሙስሊም ነኝ እኔ ምን ልወስን፣ ስለዚ ሁለት ድስት። ረመዳን ላይ ደሞ ጨው መቅመስ አልችልም፣ አብራኝ የምትሠራዋ ትቀምስልኛለች፣ በሁዳዴ ደሞ የወተቱን ድስት እኔ እቀምስላታለሁ። እሷ የቀረች ቀን ነው ጨው የሚበዛው ሃሃ።

ይሄን ሁሉ የምልሽ ስትሄጂ «ሜኑውን ለምን አትፈጽሙም» አትበያቸው። «ሜኑው ይቀየር፣ የሚቻለው ይጻፍ» በያቸው። ሦስት ነገር ግን የምር የሚሠራ።

ነጭ ጋወን፦
ነርስ ነኝ፣ ሕፃናት ክፍል። @ወጥ ቤት ነኝ እጅሽ ይባረክ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው።

ስለ ሻዩ ብቻ ልጨምር፣ ሰው ቀላል ስለሚመስለው። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን አይረን (ለደም የሚያስፈልገውን የብረት ማዕድን) ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል፣ በአንጻሩ ሎሚ ብርቱካን ቲማቲም እንዲወስደው ያግዛል። ስለዚ ደም ማነስ ያለበትን ልጅ ቅንጬ አብልቶ በላዩ ሻይ ማጠጣት በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መቀማት ነው። ትኩስ ነገር የግድ ካስፈለገ፣ ደሴ ነውና ይገባኛል፣ ወይ ወተት ወይ ቀጠን ያለ አጥሚት።

ስኳሩ ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር በቀን ከሚገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ነው የሚለው፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች። የ5 በመቶውን ለትንሽ ልጅ ስታሰይው ወደ 4 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፣ ለቀኑ ሙሉ። @የሆጤዋ እንዳልሽው ሽሮፕ ከሆነ አንድ ኩባያ ላይ ግማሹ አልቋል። በዳቦና በስኳር የጠገበ ልጅ ደሞ 4 ሰዓት ላይ እርቦት ነው የሚነጫነጨው፣ አስተማሪዋ ረባሽ ነው ትላለች።

@የቦርከና ልጅ እናትህ ልክ ናቸው፣ እህሉ የሚያንሰውን ፕሮቲን ጥራጥሬው ነው የሚሞላው።

የቦርከና ልጅ፦
እነግራታለሁ ደስ ይላታል። በነገራችን ላይ @ወጥ ቤት ነኝ መዘፍዘፉ ደሴ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ እናንተ ከፍታ ላይ ናችሁ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ እኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምንል ሁለት ዲግሪ እንበልጣችኋለን። ባለቤቴ ከደሴ ስትመጣ ሽምብራው እዚህ ቶሎ በሰለ ብላ ተገርማ ነበር።

ባለባጃጁ፦
እሺ ተረታሁ። ግን ዳቦ በሻይ ክብሩን አትንኩብን

ሙጋድ፦
ምጥኑን የሚነግረኝ ጠፋ?

የሆጤዋ፦
በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም በተለይ ወጥ ቤት ነኝ፣ እውነት ለመናገር ሞግዚቷን በልቤ ስረግማት ነበር የከረምኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዘጠኝ ሰው አላገኘሁም፣ አምስት ሆነን ነው የገባነው፣ አንደኛዋ ደግሞ እኔ ጋ ከቆመች በኋላ ዳይሬክተሯ ስትመጣ ስልክ ተደወለልኝ ብላ ወጣች። ሜኑው ይቀየር ስንል ዳይሬክተሯ ፊቷ በራ፣ ጠብ ነበር የጠበቀችው መሰለኝ። ቅንጬ ሦስት ቀን፣ ቅቅል እንቁላል በዳቦ ሁለት ቀን፣ ሙዝ ሲገኝ ሙዝ ተባለ፣ በጾም ቀን እንቁላሉን የማይበላ ልጅ ድንች። ሻይ ቀረ አሉ፣ ግን ባለፈው አርብ በር ላይ ሳደርሳት ያቺን ፔርሙዝ አይቻታለሁ፣ «የኛ የሠራተኞች ነው» ተብያለሁ፣ እሺ ብያለሁ። የድስት ፎቶውንም ጠይቀን «እናስብበታለን» ላይ ነው ያለው። ወተቱ እስካሁን አልተጀመረም፣ የሚያመጣልን ሰው እየፈለግን ነው ይላሉ፣ ይሄን አልለቅም።

እሁድ ለት ደስ ብሎኝ እቤት ቅንጬ ሠራሁላት፣ በቅቤ፣ ወተት ጨምሬ። አንዴ ጎረሰችና ሳህኑን ገፋችው። «ይሄ ቅንጬ አይደለም የሚስ ነው ቅንጬ» አለችኝ።

ወጥ ቤት ነኝ፦
ሃሃሃ ጨው ጨምሪበት እህቴ